የማይበሰብሰው ፕላስቲክ ለምን ያረጃል? ከዲቪዲ እስከ ጫማ ሶል

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የፊልም ኩባንያ፣ ከ2006 እስከ 2009 ከተመረቱ ዲቪዲዎቹ መካከል የተወሰኑት ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል እንደሚያውቅና ለገዢዎች ምትክ እየሰጠ መሆኑን አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩን አነጋጋሪ ያደረገው የዲስኮቹ ሁኔታ ነው። ሳይጫሩ፣ ሳይሰነጠቁ፣ ፀሐይ ሳይመታቸው በሳጥናቸው ተዘግተው የኖሩ ዲስኮች ጭምር ማጫወቻ ውስጥ ሲገቡ አልነበብ ብለዋል። ኩባንያው በተቻለ መጠን ያንኑ ፊልም ተክቶ ሰጥቷል። ሕትመቱ ለቆመ ወይም መብቱ ላበቃ ፊልም ግን ያቀረበው ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ሌላ ፊልም ነው። የወደዱት ፊልም ጠፍቶ ሌላ መረከብ ካሳ ይባል እንደሆነ ለሰብሳቢዎቹ ፍርድ መተው ይሻላል።

ዜናው የቀሰቀሰው ጥያቄ ግን ከአንድ ኩባንያ ዲስኮች ያለፈ ነው። ፕላስቲክ ለመቶዎች ዓመታት አይበሰብስም፣ ምድርንና ባሕርን የሞላውም ለዚህ ነው ሲባል ኖሯል። ታዲያ ከፕላስቲክ የተሠራ ዲስክ ሃያ ዓመት ሳይሞላው እንዴት ይበላሻል? ሳይደረግ የተቀመጠ የስፖርት ጫማ ሶሉ ለምን ይፈረፈራል? ነጭ የነበረ የኮምፒውተር ሳጥን ለምን ይወይባል? አንዱ አባባል እውነት ከሆነ ሌላው ሐሰት መሆን ያለበት ይመስላል። በእርግጥ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

## ሁለት ዕድሜ ያለው ቁስ

ፕላስቲክ የአንድ ቁስ ስም አይደለም። ፖሊመር ከሚባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የሚሠሩ የብዙ ቁሶች የጋራ መጠሪያ ነው። ፖሊመር ማለት አንድ አነስተኛ የሞለኪውል ክፍል በመቶዎችና በሺዎች ጊዜ እየተደጋገመና እየተያያዘ የሚፈጥረው ሰንሰለት ነው። የዲስኩ ፖሊካርቦኔት፣ የሶሉ ፖሊዩሬቴን፣ የቧንቧው ፒቪሲና የከረጢቱ ፖሊኤቲሊን ሁሉም ሰንሰለት ናቸው። ቀለበቶቻቸው የተያያዙበት መንገድ ስለሚለያይ ግን አንዱን የሚያጠፋው ነገር ሌላውን ላይነካው ይችላል። የትኛው ፕላስቲክ እንደሆነ ሳይገለጽ የሚነገር የዕድሜ ቁጥር ብዙም ትርጉም የሌለው ለዚህ ነው።

የአንድ ፕላስቲክ ጥንካሬ የሚመነጨው ከሰንሰለቶቹ ርዝመትና እርስ በርስ ከመጠላለፋቸው ነው። የተጠላለፈ የክር ጥቅል በየስንዝሩ ቢቆራረጥ ክብደቱ አይቀንስም፣ ክሩም ክር ከመሆን አይወጣም፤ ዕቃ አስሮ መያዝ ግን አይችልም። በፕላስቲክ ላይ የሚደርሰውም ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ ሰንሰለት በጥቂት ቦታ መበጠሱ ብቻ ዕቃውን ደረቅና ተሰባሪ ለማድረግ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ከትስስሮቹ እጅግ የሚበዙት ገና አልተነኩም። ረቂቅ ተሕዋስያን ሊመገቡት እስኪችሉ ድረስ ለመድቀቅ ቁሱ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

እንግዲህ ሁለት ዕድሜ አለ ማለት ነው። አንደኛው ዕቃው ለተሠራበት ዓላማ የሚያገለግልበት ዘመን ሲሆን፣ እሱ በዓመታት ወይም በአሥርተ ዓመታት ያልቃል። ሁለተኛው ቁሱ በተፈጥሮ ውስጥ እንደ ባዕድ ነገር የሚቆይበት ዘመን ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው በብዙ ይረዝማል። የቤተ መዛግብት ሠራተኛ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ማጠር ነው፤ የአካባቢ ተቆርቋሪው ደግሞ በሁለተኛው መርዘም። ሁለቱ የማይግባቡ የሚመስሉት "ያረጃል" የሚለውን አንድ ግስ ለሁለት ነገር ስለሚጠቀሙበት ነው።

## ሰንሰለቱን የሚበጥሱት

ከውጭ የሚመጡት ጠላቶች ብርሃን፣ ኦክስጅን፣ ውኃና ሙቀት ናቸው። ብቻቸውን የሚሠሩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማለትም ዓይን የማያየው ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን፣ አንዳንድ ትስስሮችን በቀጥታ ይበጥሳል። ከብጥስጣሹ ነጻ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ አጣማሪ ያጣ ኤሌክትሮን ስላላቸው ያገኙትን ሞለኪውል ሁሉ የሚነኩ ናቸው። ኦክስጅን ሲያገኙ ከእሱ ጋር ተዋህደው ሌላ ሰንሰለት ያጠቃሉ፤ ከዚያም አዲስ ራዲካል ይወለዳል። ኦክሲዴሽን የሚባለው ይህ ሂደት አንድ ጊዜ ከተጀመረ ራሱን እያባዛ ይሄዳል። የከረጢቱን ፖሊኤቲሊንና የወንበሩን ፖሊፕሮፒሊን ከሁሉ በላይ የሚያጠፋቸው እሱ ነው።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ገና ከጅምሩ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ መከላከያ ቅመሞች ይጨምራሉ። ቅመሞቹ ራዲካሎቹን እየያዙ ራሳቸው ያልቃሉ። በዚህ ምክንያት የብዙ ፕላስቲኮች እርጅና ቀስ በቀስ የሚወርድ ቁልቁለት አይደለም። ለዓመታት ምንም ለውጥ አይታይም፤ ቅመሙ ሲያልቅ ግን ዕቃው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሰነጣጠቃል። "ትናንት ደኅና ነበር" የሚለው የባለቤቶች ቅሬታ ኬሚስትሪውን በትክክል ይገልጻል። ጥቁር ፕላስቲክ ከቤት ውጭ ከሌላው የሚበልጥ ዕድሜ የሚኖረውም በውስጡ ያለው የጥላሸት ዱቄት አልትራቫዮሌቱን ስለሚያስቀር ነው።

ውኃ በሌላ በር ይገባል። ፖሊዩሬቴን፣ ፖሊኤስተርና ሴሉሎስ አሲቴት ውኃ ሊሰነጥቀው የሚችል ዓይነት ትስስር አላቸው፤ ይህ መሰንጠቅ ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ዕቃው ውኃ ውስጥ መነከር አያስፈልገውም፤ በአየር ላይ ያለው እርጥበት ይበቃዋል። ያልተደረገ ጫማ ሶል የሚፈረፈርበት ምስጢርም እዚህ ላይ ነው። ኬሚካላዊው ሥራ ጫማው ቢደረግም ባይደረግም ይቀጥላል፤ አስቀምጦ መቆጠብ ከመሬቱ ፍትጊያ እንጂ ከአየሩ እርጥበት አያድንም።

ሙቀት ሁሉንም ያፋጥናል። በኬሚስቶች ዘንድ እንደ ግርድፍ ደንብ የሚወሰደው፣ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ያህል ይጨምራል የሚለው ነው። ደንቡ ለሁሉም ቁስ በትክክል አይሠራም። ሆኖም ከጣሪያ ሥር ባለ ሞቃት ክፍል የተቀመጠ ሣጥን ለምን ቶሎ እንደሚያረጅ ለማስረዳት በቂ ነው።

በመጨረሻም ከውስጥ የሚመጣ ጠላት አለ። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ ለስላሳ የሚሆነው ፕላስቲሳይዘር የሚባሉ ማለስለሻ ፈሳሾች ሲቀላቀሉበት ነው። ፈሳሾቹ ከሰንሰለቱ ጋር በኬሚካላዊ ትስስር አልተያያዙም፤ በመካከሉ ተሸጉጠው ነው የሚኖሩት። ዓመታት ሲያልፉ ወደ ገጹ ይወጣሉ። የቆዩ አሻንጉሊቶች በእጅ ሲነኩ የሚያጣብቁት፣ የቆዩ የኤሌክትሪክ ገመዶች ያላባቸው የሚመስለው ለዚህ ነው። ማለስለሻው ሲያልቅ ደግሞ የቀረው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

## ዲስክን የሚገድለው ፕላስቲኩ አይደለም

ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲውል ድምፁ ለዘላለም እንከን የለሽ ሆኖ እንደሚኖር ተነግሮለት ነበር። መርፌ አይነካውም፣ ስለዚህ አያልቅም የሚለው ክርክር በራሱ ትክክል ነው። ሆኖም ያለ ንክኪ የሚያረጅ ነገር መኖሩን አላሰበም።

የዲስኩን አካል ወደ ጎን ቆርጠን ብናየው አብዛኛው፣ ማለትም 1.2 ሚሊሜትር ያህሉ፣ ጥርት ያለ ፖሊካርቦኔት ነው። መረጃው በፖሊካርቦኔቱ የላይኛው ገጽ ላይ በጥቃቅን ጎድጓዶች መልክ ተቀርጿል። በእሱ ላይ ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ፣ በብዙ የሚያንስ አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ሽፋን አለ። ከዚያ ላከር የሚባል ስስ መከላከያ ቅብ፣ ከዚያም የጽሑፉ ቀለም ይከተላል። የሌዘር ብርሃኑ ከታች ገብቶ፣ ፕላስቲኩን አልፎ፣ ከአሉሚኒየሙ ላይ ነጥሮ ይመለሳል።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነው። ሰዎች የሚጠነቀቁለት የሚያብረቀርቀው የታችኛው ገጽ ከመረጃው አንድ ሚሊሜትር ያህል ይርቃል፤ በላዩ ላይ የሚደርስ ጭረት ብዙ ጊዜ ሊለሰልስ ይችላል። ጽሑፍ ያለበት የላይኛው ገጽ ግን ከመረጃው የሚለየው በስስ ላከር ብቻ ነው። እዚያ ላይ የደረሰ ጭረት አሉሚኒየሙን ይዞ ይሄዳል፤ የሄደውን የሚመልስ ጥበብ የለም። ዲስክን በጽሑፉ በኩል ጠረጴዛ ላይ መድፋት የተለመደ ጥንቃቄ ቢመስልም፣ ለሲዲ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው።

ፖሊካርቦኔት ራሱ በቤት ውስጥ ሁኔታ ጠንካራ ነው። አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ በከፍተኛ ሙቀትና እርጥበትም ሰንሰለቱ ይሰነጠቃል፤ በተራ መደርደሪያ ላይ ግን ከሌላው ክፍል ሁሉ በኋላ የሚሞት ነው። ቀድሞ የሚሞተው አሉሚኒየሙ ነው። ላከሩ ቀዳዳ ካለው ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ካልተዘጋ ኦክስጅንና እርጥበት ይገባሉ፤ አሉሚኒየሙ ወደ ኦክሳይድነት ይለወጥና ማንጸባረቁን ያጣል። ዲስኩ ወደ ብርሃን ሲያዝ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ነጥቦች ወይም ደመና መሰል ጉም ይታያል። የዲስክ መበስበስ የሚባለው በአብዛኛው ይኸው የብረት ዝገት ነው።

ታሪኩ ከሲዲም ይቀድማል። በ1978 ገበያ ላይ የዋሉትና 30 ሴንቲሜትር ስፋት የነበራቸው ሌዘርዲስኮች ከሲዲ በተለየ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠሩ ሁለት ገጾች በማጣበቂያ የተያያዙባቸው ነበሩ። አክሪሊክ ከፖሊካርቦኔት ይልቅ እርጥበት ይመጥጣል፤ ማጣበቂያውም ሁልጊዜ አሉሚኒየሙን አልጠበቀውም። ውጤቱ በምስሉ ላይ እየበዛ የሚሄድ ብልጭታ ነበር። በሲዲ ዘመን የታወቀው ምሳሌ ደግሞ ፒዲኦ የተባለው ኩባንያ በእንግሊዝ አገር ብላክበርን በሚገኘው ፋብሪካው ከ1988 እስከ 1993 ያመረታቸው ዲስኮች ናቸው። የተጠቀሙበት ላከር በወረቀት ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ድኝ መቋቋም ስላልቻለ ዲስኮቹ ከጫፍ እየጀመሩ የነሐስ መልክ ያዙ። ዲስኩን ያጠፋው አብሮት የታሸገው ወረቀት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ዲቪዲ የሲዲን ድክመት በከፊል አርሟል። እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የፖሊካርቦኔት ገጾች ይጣበቁና መረጃው በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከላይ የሚመጣ ጭረት ቶሎ አይደርስበትም። ነገር ግን አሁን ሁሉም ነገር በማጣበቂያው ላይ ተንጠለጠለ። ማጣበቂያው በደንብ ካልደረቀ፣ እኩል ካልተዳረሰ ወይም ከብረቱ ጋር ከተጻረረ ጥፋቱ የሚነሣው ከመሐል ነው፤ በባለቤቱ እጅ ያለ ምንም ጥንቃቄ አይደርስበትም። መረጃውም ጠቧል። በሲዲ ላይ በሁለት የመረጃ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በዲቪዲ 0.74፣ ከእሱ በኋላ በመጣው ብሉሬይ በተባለው ዲስክ 0.32 ነው። አንድ ዓይነት ስፋት ያለው ነጥብ በአዲሱ ዲስክ ላይ የሚያጠፋው መረጃ በአሮጌው ላይ ከሚያጠፋው ይበልጣል።

በቤት የሚቀዱ ዲስኮች ሌላ ጣጣ አላቸው። በእነሱ ውስጥ ጎድጓድ የለም፤ መረጃው የሚጻፈው የሌዘሩ ሙቀት በሚለውጠው የኦርጋኒክ ማቅለሚያ ላይ ነው። ብርሃን የሚጽፍበት ነገር ብርሃን ሊያጠፋውም ይችላል። መስኮት አጠገብ የተተወ የተቀዳ ሲዲ በጣም ባጠረ ጊዜ ሊበላሽ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2004 ያወጣው የሙከራ ውጤት፣ በማቅለሚያውና በአንጸባራቂው ብረት ዓይነት ምክንያት በዲስኮች መካከል ሰፊ የጥንካሬ ልዩነት መኖሩን አሳይቷል። ፍታሎሲያኒን የተባለው ማቅለሚያ ወርቅና ብር ከቀላቀለ አንጸባራቂ ጋር ሲጣመር ከተሞከሩት የሚቀዱ ሲዲዎች መካከል የተሻለው ሆኖ ተገኝቷል። ችግሩ ገዢው በማሸጊያው ላይ ይህን የሚያነብበት አጋጣሚ እምብዛም አለመኖሩ ነው።

## ጥፋቱ ለምን በድንገት ይታያል?

የሸክላ ዲስክ ሲያረጅ ይንኳኳል፣ ይሻክራል፤ አድማጩ ይሰማዋል። ሲዲ ግን ጥፋቱን ይደብቃል። መረጃው የሚጻፈው ስሕተት ማረሚያ ከሚባል የሒሳብ ዘዴ ጋር ነው፤ የጎደለውን ክፍል ከቀረው ተነሥቶ የሚያሰላ ተጨማሪ መረጃ በዲስኩ ላይ ተበታትኖ ይቀመጣል። በመስመሩ አቅጣጫ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ክፍተት እንኳ ሙሉ በሙሉ ሊታረም ይችላል። እንዲህ በመሆኑ ዝገቱ ለዓመታት ሲስፋፋ ሙዚቃው ምንም አይሆንም። የስሕተቱ መጠን ከማረሚያው አቅም ባለፈበት ቀን ግን ዲስኩ ይቆማል። ባለቤቱ የሚያየው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚገኝ ጥቅምም አለ። የታረሙ ስሕተቶችን የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ዲስኩ ገና እየተነበበ ሳለ የጤናውን ሁኔታ ማወቅ ይቻላል። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ስብስባቸውን በየጊዜው እንዲህ ይመረምራሉ። ተራው ሰው ግን "ይጫወታል" ከሚለው ሌላ መለኪያ የለውም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የደከመው መለኪያ ነው።

## በሳጥኑ ላይ የተጻፈው መቶ ዓመት

አምራቾች ለዲስኮቻቸው መቶና ከዚያም በላይ ዓመታት ዕድሜ ሲሰጡ ቆይተዋል። ኤምዲስክ የተባለውና ከኦርጋኒክ ማቅለሚያ ይልቅ ማዕድናዊ ሽፋን የሚጠቀመው ዓይነት እስከ አንድ ሺሕ ዓመት ተነግሮለታል። ቁጥሮቹ ከባዶ የተፈጠሩ አይደሉም። ዲስኩ በከፍተኛ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ የስሕተቱ ዕድገት ይለካል፣ ከዚያ በተራ የክፍል ሙቀት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በስሌት ይገመታል። የተፋጠነ እርጅና ሙከራ ይባላል።

ዘዴውን የሚደግፉት መቶ ዓመት ቆይቶ ከማየት ሌላ አማራጭ የለም ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ተቺዎቹ ደግሞ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚከሰተው ለውጥ በ20 ዲግሪ ከሚከሰተው ጋር አንድ ዓይነት ለመሆኑ ዋስትና የለም ይላሉ፤ እነሱም ትክክል ናቸው። ከሁለቱም ክርክር ውጭ የሚቀረው ግን ዋናው ይመስላል። የብላክበርኑን ወረቀት ድኝ ወይም የአንድ የምርት ዙር ያልተስተካከለ ማጣበቂያ የትኛውም የምድጃ ሙከራ አስቀድሞ አይገምትም። ከላይ የተጠቀሱት ታሪኮች በአብዛኛው የምርት ጉድለት ታሪኮች ናቸው። በደንብ የተሠሩ የ1980ዎቹ ሲዲዎች ዛሬም ያለ ችግር ይጫወታሉ፤ በ2007 የታተመ ዲቪዲ ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ የዲስኩን ዕጣ ከዕድሜው ይልቅ የትውልድ ፋብሪካው የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው።

## ከዲስክ ውጭ ያሉት

የድምፅና የምስል ቅርስን በተመለከተ ከሲዲ የበለጠ አስቸኳይ የሆኑ ቁሶች አሉ። የሸክላ ዲስኮች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠሩበት ፒቪሲ በአንጻሩ የተረጋጋ ነው፤ ከሙቀት ከተጠበቀና ቀጥ ብሎ ከቆመ ብዙ ይቆያል። ከእሱ በፊት በሬዲዮ ጣቢያዎችና በስቱዲዮዎች ለቅጂ ያገለግሉ የነበሩት የላከር ዲስኮች ግን አስጊ ናቸው። በአሉሚኒየም ገጽ ላይ የተቀባ ናይትሮሴሉሎስ ሲሆኑ፣ ማለስለሻቸው የጉሎ ዘይት ነበር። ዘይቱ ሲለወጥ ነጭ የቅባት አሲድ ወደ ገጹ ይወጣል፣ ሽፋኑ ይኮማተራል፤ አሉሚኒየሙ ግን አይኮማተርም። ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ ሲላጥ ድምፁ አብሮ ይላጣል። ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

የፊልም ታሪክ ደግሞ የባሰ ነበር። ሴሉሎስ ናይትሬት እስከ 1950ዎቹ መባቻ ለሲኒማ ፊልም ያገለገለ ሲሆን፣ ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ ራሱን መልሶ ያጠቃዋል፤ በቀላሉ ይነዳል፣ ሲነድም ውኃ አያጠፋውም። በምትኩ የመጣውና አስተማማኝ ፊልም የተባለው ሴሉሎስ አሲቴት እሳቱን ቢያስቀርም እርጅናውን አላስቀረም። እርጥበት ሲሰነጥቀው አሴቲክ አሲድ ይወጣል፤ የኮምጣጤ ሽታ ያለው እሱ ነው። የወጣው አሲድ ደግሞ ተጨማሪ መሰንጠቅን ያፋጥናል። ሽታው ሲሰማ ሂደቱ ወደ ፈጣኑ ምዕራፍ ገብቷል፤ በአቅራቢያው ያሉ ፊልሞችንም ይበክላል።

የድምፅ መቅጃ ክሮች (ቴፖች) ላይ ማግኔታዊውን ዱቄት የሚይዘው ሙጫ ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተመረቱት ብዙዎቹ እርጥበት ስበው በማጫወቻው ራስ ላይ የሚጣበቁና የሚላጡ ሆነዋል። መሐንዲሶች ክሩን በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሰዓታት በማድረቅ ለአጭር ጊዜ እንዲጫወት ያደርጉታል። ፈውስ አይደለም፤ አንድ ቅጂ ለመውሰድ የሚበቃ ፋታ ነው።

በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ የለበሰውን ልብስ በ2006 ከዕይታ አንሥቶ የመለሰው በ2019 ነው። ልብሱ ለጥቂት ቀናት ጉዞ የተሠራ ነበር። በውስጡ ያሉት የጎማ ክፍሎች ደርቀዋል፣ የፒቪሲ ቱቦዎቹም ማለስለሻቸውን አውጥተዋል። በአንድ ዕቃ ላይ ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ሲገናኝ አንዱ የሚተፋው ሌላውን እንደሚጎዳ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የወየቡ የኮምፒውተር ሳጥኖችን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና በብርሃን የማንጣት ልማድም ከ2008 ገደማ ጀምሮ ተስፋፍቷል። ቢጫው የሚመጣው በከፊል ለእሳት መከላከያ ከተጨመሩ የብሮሚን ውህዶች፣ በከፊል ደግሞ ኤቢኤስ ከተባለው ፕላስቲክ ኦክሲዴሽን ነው። ወዳጆቹ መልኩ እንደ አዲስ እንደሚመለስ ይናገራሉ። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ግን ይጠራጠራሉ፦ ቀለሙ ቢነጣም የተበጠሰው ሰንሰለት አይቀጠልም፣ ቢጫውም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ዕቃው ለመታየት ብቻ ከሆነ ነገሩ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ እንደ ቅርስ የሚቀመጥ ከሆነ የባለሙያዎቹ ጥርጣሬ ያመዝናል።

## "450 ዓመት" ከየት መጣ?

ወደ ሁለተኛው ዕድሜ ስንመለስ፣ በፖስተሮች ላይ የሚታዩት የ400፣ የ450 ወይም የ1,000 ዓመት ቁጥሮች ግምት እንጂ ልኬት አይደሉም። ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነው የመጀመሪያው ፕላስቲክ ባክላይት የተሠራው በ1907 ነው፤ የጅምላ ምርት የተስፋፋው ከ1950 በኋላ ነው። አንድ ጠርሙስ ለ450 ዓመት ሲበሰብስ ያየ ሰው የለም።

ግምቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሳሳት ይችላል። በአሜሪካ የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የፀሐይ ብርሃን ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ በከፊል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና በውኃ ወደሚሟሟ ካርቦን እንደሚለውጥ አሳይተዋል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ጊዜ ከሺሕ ዓመታት ይልቅ በአሥርተ ዓመታትና በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። በሌላ በኩል ብርሃንና ኦክስጅን በማይደርስበት የባሕር ወለል ወይም የተቀበረ ቆሻሻ ውስጥ ያለ ፖሊኤቲሊን ከዚህ በጣም ሊቆይ ይችላል። ቦታው ከቁሱ እኩል ይወስናል።

ፕላስቲክ ተፈረፈረ ማለት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ደግሞ ሁሉም ወገን ይስማማል። ማይክሮፕላስቲክ የሚለው ቃል በሳይንሱ ዘንድ የተስፋፋው በ2004 ሪቻርድ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ነው፤ ከአምስት ሚሊሜትር በታች የሆኑ ስብርባሪዎችን ያመለክታል። የብዙዎቹ ምንጭ በዚህ ጽሑፍ ሲገለጽ የቆየው እርጅና ራሱ ነው። ይህን ባለመለየት የተፈጠረው ስሕተት ኦክሶ የሚባሉት ከረጢቶች ናቸው። ኦክሲዴሽንን የሚያፋጥን ቅመም ተጨምሮባቸው ቶሎ እንደሚበሰብሱ ተደርገው ተሸጡ። ቶሎ ተፈረፈሩ፤ ፍርፋሪው ግን ተፈጥሮ በሚቀበለው ፍጥነት መበስበሱን መቀጠሉ አልተረጋገጠም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከለከላቸው፤ ክልከላውም በ2021 ተግባራዊ ሆነ። አምራቾቹ ተከራክረዋል፤ ውሳኔው ግን የመጀመሪያውን ዕድሜ ማሳጠር ሁለተኛውን ማሳጠር አለመሆኑን የተረዳ ይመስላል።

## ማቆየት ይቻላል?

ማዘግየት ይቻላል። ቅዝቃዜ፣ ጨለማና መጠነኛ ድርቀት ለአብዛኛው ፕላስቲክ ይበጃሉ። ከዚህ ያለፈው ምክር ግን ቁሱን ሳያውቁ የሚሰጥ አይደለም። ሴሉሎስ አሲቴትና ናይትሬት የሚያወጡት ጋዝ መልሶ ስለሚያጠቃቸው አየር ሊያገኙ ይገባል፤ ታሽገው ከተቀመጡ ራሳቸውን ያፋጥናሉ። ጎማ በተቃራኒው ከኦክስጅንና ከኦዞን መለየት አለበት። ለስላሳ ፒቪሲ ደግሞ ማለስለሻውን እንዳያጣ የታሸገ ቦታ ይመርጣል። የደኅንነት መሣሪያ የሚመስለው አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ለአንዱ መዳኛ፣ ለሌላው መቀበሪያ ነው።

ለዲስክ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። በሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ይቀመጥ፤ ተለጣፊ ወረቀት አይለጠፍበት፤ መጻፍ ካስፈለገ በውኃ የሚሟሟ ቀለም ባለው ለስላሳ እስክሪብቶ መሐል ላይ ይጻፍ፤ ወረቀት በዲስኩ ገጽ ላይ ለዓመታት ተጭኖ አይኑር። በተለይ ከ2006 እስከ 2009 የታተሙትን፣ በቤት የተቀዱትንና ወደ ብርሃን ሲያዙ ነጥብ የሚያሳዩትን ከሌሎቹ አስቀድሞ ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሕግ ይገባል። የንግድ ዲቪዲዎች በመቆለፊያ ኮድ የተጠበቁ ናቸው፤ በብዙ አገሮች ኮዱን መስበር ለግል ቅጂ እንኳ ተከልክሏል። የመብት ባለቤቶች ክልከላው ካልኖረ ሥራቸው በነጻ እንደሚበተን ይከራከራሉ። የቤተ መዛግብት ሰዎች ደግሞ ባለመብቱ ራሱ ማተም ያቆመውን ሥራ ከጥፋት የሚያድነው ያ ቅጂ ብቻ እንደሆነ ይመልሳሉ። ምትክ ማቅረብ የማይችል አካል ቅጂን የሚከለክልበት ምክንያት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ መሄዱ አይቀርም።

የማንበቢያው ጉዳይ አለ። ሶኒ የሚቀዱ የብሉሬይ ዲስኮችን፣ ሚኒዲስኮችንና የሚኒዲቪ ካሴቶችን ማምረት በየካቲት 2025 አቁሟል። የቀሩት ማጫወቻዎችም ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ያለው የጎማ ቀበቶ ይቀልጣል ወይም ይላላል፣ ጥርሳማ ጎማዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ሌዘሩ የሚያልፍባት ትንሽ ሌንስም ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ናት። መለዋወጫ የሚያመርት ፋብሪካ ሲጠፋ፣ ደኅና የሆነ ዲስክ ያለው ሰው ዲስኩ ከሞተበት ሰው ብዙም አይለይም። ስለዚህ አንዳንድ ቤተ መዛግብት ዲስኮቹን እየገለበጡ ሳለ አሮጌ ማጫወቻዎችንም ያስቀምጣሉ።